ከማጠቢያው ገንዳ ወዲያ

ከማጠቢያ ገንዳ የሚወርድ ውሃ መጨረሻው የት ነው?

ይህን የጠየቀችው እህቱ ናት፤ ያውም አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ይዛ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ። እሱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ጠርሙሱን እንደጨበጠ ገንዳውን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ እሷን አየ።

«ወደ ታች ነዋ፣ እታለም።»

«ታች የት?»

«ቧንቧው ወደሚወስደው።»

«አበጀህ! ይህን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት ሰው አገር የከረምከው?» አለችና ሌላ ልትጨምር ስትል ሆዷ ቀደማት። አፏን በእጇ ከድና ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች።

እህቱ ነፍሰ ጡር ናት። ባልና ሚስቱ ተስፋ ወደ መቁረጡ ሲቃረቡ የመጣ የመጀመሪያ ፅንስ ስለሆነ በዚያ ቤት በር እንኳ ሲዘጋ ቀስ ተብሎ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ የማያቅለሸልሻት ነገር አልነበረም። የሽንኩርት ሽታ፣ የባሏ የጫማ ቀለም፣ ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ፣ ሁሉም ያስመልሳታል። የወንድሟ ጠርሙስ ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። መርካፕቶኤታኖል ይባላል፤ የተፈጨ ቅጠል እንዳይጠቁር በጠብታ የሚጨመር ነገር ነው። የተበላሸ እንቁላል ከተቃጠለ ጎማ ጋር አብሮ የተቀቀለ ይመስል ይሸታል። አንዲት ጠብታ ከወጣች በበር ሥር ሾልካ መኝታ ቤት ትገባለች፣ ትራስ ላይ ትተኛለች፣ ጠዋት ደግሞ ዳቦው ላይ ቀድማ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

እሱ ራሱም ይቀፍፈው ነበር። በተማረበት አገር ሽታውን ወደ ላይ የሚስብ የመስታወት ሳጥን ነበረ። ከሥራ የተረፈው ፈሳሽ ሁሉ የሚጣልበት ቢጫ በርሜልም ነበረ፤ ሲሞላ ጓንት ያጠለቀ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። የት እንደሚወስደው ጠይቆ አያውቅም። ክዳኑ ሲገጠም ነገሩ ያለቀለት ይመስለው ነበር። እዚያ ሳለ ሁሉ ነገር በፕላስቲክ ላይ ፕላስቲክ መጠቅለሉ አስጠላውና ወደ ቤቱ ልመለስ አለ። ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሁሉ ነገር ሳይጠቀለል መፍሰሱ ያስጠላዋል። የትም ቢሆን ልቡ አንድ እግሩን ከበር ውጭ አስቀምጦ ነው የሚቀመጠው።

ሥራው ይህ ነው፤ አንድ ችግኝ ነጋዴ የቲማቲም ችግኞቹን ሸጦ ሳይጨርስ ቅጠላቸው እየተጨማደደ ገዢ ይጣላዋል። በሽታው ገና ሳይታይ ቅጠሉን ፈጭቶ፣ ዲኤንኤውን አውጥቶ፣ ቫይረሱ አለ የለም የሚል ሰው ፈለገ። እሱም አሮጌ መሣሪያ አሰባስቦ የእህቱን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቤተ ሙከራ አደረገው። ልብሱ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ቅጠሉ ገባ።

ያን ዕለት ማታ ገበታ ላይ ሦስቱ ተቀመጡ። የእህቱ ባል አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነገር ሲከብድ በቀልድ የሚያቀል ሰው።

«ስማ ፈረንጁ» አለ። «አውቶቡሴ ላይ ዓሣ የተሸከመ ይሳፈራል፣ ጫማውን ያወለቀ ይሳፈራል፣ ዶሮ ያቀፈ ይሳፈራል። አንተን ግን በነፃም አላሳፍርህ።»

«ቀልዱን ተወው» አለች እህቱ። «ወይ ጠርሙሱ ይወጣል፣ ወይ ጠርሙሱና አንተ ተቃቅፋችሁ ትወጣላችሁ። ምረጥ፣ ፕሮፌሰር።»

«የማይሸትና መርዝነት የሌለው ነገር መተካት ይቻል ይሆናል።»

«ይሆናል! ከመጣህ ጀምሮ በዚህ ቤት ያለቀለት ነገር የለም። ሁሉ ነገር ይሆናል ነው፣ ሳይሆን አይቀርም ነው፣ በመሠረቱ ነው። ውሃ ፈልቷል ወይ ስልህ እንኳ ‹በመሠረቱ› ትለኛለህ። እስቲ አንድ ቀን አፍህን ሞልተህ ተናገር።»

«እሠራዋለሁ» አለ። ድምፁ ለራሱ ጆሮ እንኳ የሌላ ሰው መሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል የሚፈጨው በባዶ ውሃ አይደለም፤ በፈር በሚባል፣ የአሲዱን መጠን እንዳይዋዥቅ አድርጎ በሚይዝ ፈሳሽ ነው። እሱ የተማረው አሠራር ውስጥ ያ ሽታም አለ፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ በቀላሉ የማይፈርስ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካልም አለ፤ ለዓሣና ለእንቁራሪት መርዝ የሆነ ሳሙናም አለ፤ እንዳይሻግት ተብሎ የሚጨመር፣ ሻጋታንም ሰውንም የማይምር አዛይድ የሚባል ዱቄትም አለ። እነዚህን አንድ በአንድ እያወጣ ሌላ መተካት ጀመረ። በኢዲቲኤው ፋንታ የውሃ ማፍሊያ ዝገት የሚለቀቅበትን የሎሚ አሲድ፤ በዚያ ሳሙና ፋንታ የሳህን ማጠቢያ፤ የአሲዱን መጠን ለመያዝ ማዳበሪያ ውስጥ የሚገባውን ፎስፌት፤ ቅጠሉ እንዳይጠቁር ደግሞ በመርካፕቶኤታኖሉ ፋንታ ቫይታሚን ሲ። አዛይዱን ጨርሶ ተወው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ለዓይን የሚያስጠሉ ነበሩ። አንዱ ጭቃ ሆነ። አንዱ ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫ ላይ እንደሚንጠለጠለው ሆኖ ከማንኪያው አልላቀቅ አለ። በማንኪያው ሲጎትተው ይረዝማል፤ ሲለቀው ቶሎ ይሰበሰባል። ከእጁ ላይ አጥቦ አጥቦ ማታ ዳቦ ሲቆርስ እንኳ ጣቶቹ እርስ በርስ የሚጣበቁ ይመስለዋል።

አሮጌዎቹን ፈሳሾች ሊጥላቸው አስቦ ነበር። ግን የት? ቢጫ በርሜል የለም፤ ጓንት ያጠለቀው ሰውም የለም። ስለዚህ በማርማላታ ብልቃጥ እያደረገ፣ በላያቸው በፈረንጅ አፍ ምህጻረ ቃል እየጻፈ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው። አዲሶቹንም በተመሳሳይ ብልቃጥ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ጥርት ያለ ውሃ ናቸው።

አንድ ጠዋት ፋርማሲው ያለው ቫይታሚን ሲ የብርቱካን ጣዕም ያለው ግን ቀለም የሌለው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንፏፏው ዓይነት ብቻ ሆነ። እህቱ ከማሸጊያው እየፈለፈለች አቀበለችው። «ብርቱካን ከሆነማ እኔም እረዳሃለሁ» አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ክፍል ደፍራ ገባች። የሚፈላውን እያየች ሳቀች። በዚያ ፈሳሽ የተፈጨው ቅጠል አልጠቆረም። ከሰዓት በኋላም ዲኤንኤው የሚታይበትን ጄል መብራት ላይ ሲያስቀምጠው፣ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ቀጭን የሚያበራ መስመር ታየ። ደግሞ ሠራው፤ ደግሞ ታየ። እህቱን ጠርቶ አሳያት።

«ይቺ ጭረት ናት?»

«እሷው ናት።»

«ለዚች ጭረት ነው አንጀቴ እስኪወጣ ያስመለስኩት?» አለችና ግንባሩን ሳመችው።

እዚያው እያሉ ነበር ጎረቤታቸው መምህርቷ በሩን ያንኳኩት። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ከግንቡ ማዶ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይኖራሉ። ዳክዬ ያረባሉ። «እዚህ ቤት መድኃኒት ይቀመማል የሚባል ወሬ ሰማሁ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እኔ ጋ ምንም እንዳይደርስ።»

«መምህር፣ ምን ሊደርስ!» አለች እህቱ። ከመደርደሪያው አንዱን ብልቃጥ አንስታ ከፈተችው፤ ጣቷን ነክራ ላሰችው። እሱ «እታለም!» ብሎ ሳይጨርስ ነገሩ አልቆ ነበር። «ይኸው! ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ወንድሜ ያለ ነገር አልተማረም።»

መምህርቷ ሳቁ። እሱም ሳቀ። «እኔ ጋ እንዳይደርስ» ሲሉ «በየት በኩል ነው እርስዎ ጋ የሚደርሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የእህቱን ጥያቄ መልስ ያን ዕለት ባገኘው። አልጠየቀም። ሰው ሲያወድሰው ጥያቄ አይመጣለትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጎረፈ። ችግኝ ነጋዴው ቅጠል በሳጥን ያመጣ ጀመር። የሚያስፈራ ነገር በሚይዝበት ዘመን እጁ ቆጣቢ ነበር፤ በጠብታ ነበር የሚለካው። አሁን ግን በፈሩ የሎሚ አሲድና ቫይታሚን ስለሆነ በባልዲ በጠበጠው። መሣሪያውን የሚያጥበው በእሱ፣ የተፈጨውን ቅጠል የሚያለቀልቀው በእሱ። ሁሉንም ወደ ገንዳው ይደፋል። ገንዳው ጉርር ብሎ ይውጣል። አዛይድ ስለሌለው ደግሞ ፈሳሹ አይቆይም፤ ጥቂት ካደረ ውስጡ ነጭ ክር ያበጃል፣ ክሩ ይወፍራል፣ ሲነቀንቁት የሞተ ነገር ቆዳ መስሎ ይዋኛል። ያኔ ፊቱን አዙሮ እሱንም ይደፋዋል። «ለምድር የተስማማ ነው» እያለ ነበር የሚደፋው። ለራሱ ነው የሚለው፤ ሌላ ሰው አልጠየቀውም።

ሽታው ሲመለስ ማንም እሱን አልጠረጠረም። ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ከውጭ ነው፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል። እህቱ መስኮቱን ዘጋች። በተዘጋው መስኮትም ገባ። ባሏ የሞተ አይጥ ነው ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ አይጥ የለም።

አንድ ከሰዓት መምህርቷ በግንቡ ላይ ጠሩት። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ እንደሚጠሩ ነበር።

«ና ልጄ። ና እይልኝ።»

በግንቡ ዙሪያ ዞሮ ሄደ። ግንቡ ሥር አንድ የሸክላ ቱቦ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ከአፉ አረንጓዴ ግራጫ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ እውነተኛ ምላስ ይመስል እርጥብ፣ ወፍራም፣ ውሃው በመጣ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ። ከሥሩ መምህርቷ ለዳክዬዎቹ ያስቆፈሩት ኩሬ አለ። ኩሬ ነበር ማለት ይሻላል። ላዩን እንደ ወፍራም ጨርቅ የሸፈነው አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር እዚህም እዚያም አብጦ ይፈነዳል፤ በፈነዳ ቁጥር ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፊቱን ይመታዋል። ያ ከጠርሙስ ያባረረው ሽታ፣ ያለ ጠርሙስ። ዝንቡ ጥቁር ዳመና ሆኗል። ዳክዬዎቹ ደረታቸው ድረስ ዝልግልግ ተለውሰው ዳር ላይ ቆመዋል፤ አንዲቱ አንገቷን አሸዋው ላይ ዘርግታለች። አትነሳም።

«ይህ ቱቦ የእናንተ ነው» አሉ መምህርቷ። «ድሮ የልብስ ሳሙና ብቻ ነበር የሚያመጣው። አሁን ምን እንደሚያመጣ አንተ ንገረኝ።»

«መርዝ አይደለም» አለ። «በመሠረቱ ምግብ ነው። ለአልጌው... ማለቴ ፎስፌቱ...»

«ምግብ!» አሉ። ወደ ተዘረጋችው ዳክዬ እያዩ ደገሙት። «ምግብ።»

ያኔ ገባው። እጅን የማይጎዳ ነገር ኩሬን አይጎዳም ብሎ የሚያስብ፣ ከብልቃጥ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። መርዙን አውጥቶ ድግስ ደገሰ፤ የተጠራው ሁሉ መጥቶ በልቶ አበጠ፣ ሞተ፣ ሸተተ። ወደ ጎን ዞረና ምሳውን ሁሉ አስመለሰው። መምህርቷ አፍንጫቸውን ይዘው ጠበቁት፤ አላጽናኑትም።

ቤት ሲደርስ እህቱ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ሳሎን ቆማ ነበር። ባሏ ከጎኗ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዳክዬዋ ሞተች አሉ።»

«ውሃው ታፍኖ ነው እንጂ...»

«ቀምሼዋለሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። «ሰው ፊት፣ ጣቴን ነክሬ ልሼዋለሁ። ላንተ ብዬ! አሁን ምንም አይሆንም በለኝ። ሌላ ነገር እንዳትጨምር፤ ምንም አይሆንም ብቻ በለኝ።»

ሊል አፉን ከፈተ። የሎሚ አሲድ ነው፣ ቫይታሚን ነው፣ የልጅ ከረሜላ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት መደርደሪያው ዓይኑ ላይ መጣ። ያ ሁሉ አንድ ዓይነት የማርማላታ ብልቃጥ። አዲሱም አሮጌውም፤ የሎሚ አሲዱም አዛይዱም። እሷ ያነሳችው የትኛውን ነበር? በፈረንጅ አፍ የተጻፈውን አታነብበውም። ከዳር ያለውን ነው ያነሳችው። ያን ዕለት ዳር ላይ የነበረው የትኛው ነው?

«በመሠረቱ» አለ፣ «በዚያ መጠን... የሚታወቅ ጉዳት የለም።»

«የሚታወቅ?»

ፊቱን አነበበችው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስታነብበው የኖረች ናት። ያነበበችው ነገር ምን እንደሆነ ባያውቅም ወደ ኋላ ስትሸሽ አየ፤ ያ ጠርሙስ ተከፍቶ እንደሆነ ሁሉ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«እኔ እኮ ሽታውን አጠፋ መስሎኝ ነበር» አለች ለባሏ። «ግንብ ነው ያሻገረው።»

ሹፌሩ አልቀለደም። ልብሷን በቦርሳ አደረገላት፤ እናቱ ቤት ሊወስዳት ደግፎ አስወጣት። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ሐኪም እናሳያታለን» አለ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም ነበር።

በማግሥቱ አካፋና ባልዲ ይዞ ወደ መምህርቷ ግቢ ሄደ። ማንም አላዘዘውም። ጉልበቱ ድረስ ገባና ያን አረንጓዴ ጨርቅ እየቀደደ ማውጣት ጀመረ። ሥሩ ጥቁር ነበር። በአካፋ ሲነሳ አየር ይስባል፣ ይጮኻል፣ ሲለቁት በባልዲው ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል። ቱቦው ውስጥ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ፤ ጣቶቹ አንድ የሚያሟልጭ ገመድ ያዙና ጎተቱ፤ ገመዱ አያልቅም። የሚጎትተው የራሱን አንጀት መሰለው። ጓንት ማጥለቅ ይችል ነበር። አላጠለቀም፤ ለምን እንዳላጠለቀ ቢጠየቅ «በመሠረቱ» ብሎ የሚጀምር ረጅም መልስ ይኖረው ነበር።

«ወዴት ልትወስደው ነው?» አሉ መምህርቷ ሙሉ ባልዲዎቹን እያዩ።

ቀና አለ። መንገዱ ዳር ቦይ አለ፤ ቦዩም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታችም ቤቶች አሉ።

«ወደ ቤት» አለ።

እየተመላለሰ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገባው። ወለሉ ላይ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ ወንበሩ ሥር በባልዲ በባልዲ አስቀመጠው። ገንዳውን በጨርቅ ወተፈ። ለችግኝ ነጋዴው «ከእንግዲህ አልሠራም» አለው፤ ነጋዴው ሰደበው፣ ስልኩን ዘጋበት። ከዚያ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳ ጽሑፋቸውን አነበበ። ዳር ላይ የነበረው የትኛው እንደነበረ አሁንም አይታወሰውም። ሽታው አናቱ ላይ ወጥቶ ዓይኑን ያስለቅሰዋል። ብልቃጥ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ከባልዲዎቹ ሽታ በቀር ምንም አይሸትም።

ያኔ ነው ድምፅዋ ትዝ ያለው። «ይኸው! ብርቱካን ብርቱካን ይላል።»

ብርቱካን። በዚያ መደርደሪያ ላይ ያን ዕለት የብርቱካን ጣዕም ያለው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ ጠዋት እሷው ራሷ የፈለፈለችለት፣ ሲንፏፏ አይታ የሳቀችለት። ከዚያ ወዲህ የገዛው ሁሉ የብርቱካን ጣዕም የሌለው ነጭ ዱቄት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አሮጌዎቹ ደግሞ ብርቱካን ደጃፋቸው አልደረሰም። የላሰችው የብርቱካኑን ፈሳሽ ነው። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ በሰው ፊት ጮክ ብላ ነግራዋለች። እሱ ግን ስለ ሁሉም ነገር ሲጠራጠር ይህን እንኳ አልሰማትም።

ደወለ። አይነሳም። ለባሏ ደወለ፤ ስልኩ ተዘግቷል። በባልዲዎቹ መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እጁን ጋዋኑ ላይ ቢጠርገውም ስልኩ አረንጓዴ ተለቀለቀ። እየጻፈ አጠፋው፤ «ሊሆን የሚችለው» የሚለውን አጠፋ፤ «እስከማውቀው ድረስ» የሚለውንም አጠፋ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«እታለም፣ የላስሽው አንቺ የፈለፈልሽውን የብርቱካኑን ነው። ምንም አይሆንም። አንቺም ልጅሽም ምንም አትሆኑም። ውሃው የሚደርሰው መምህር ጋ ነበር፤ አሁን የትም አይሄድም። ሽታው እኔ ጋ ነው።»

ላከው። መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ታየ። በባልዲዎቹ ውስጥ ያለው በሙቀቱ አንዳንዴ ቡልቅ እያለ ይፈነዳል። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ መብራቱ ሲጠፋ በተለቀለቀ ጣቱ እየነካ መልሶ ያበራዋል። ያን ቀን መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።